የት እንዳለን ያውቃል፣ ከሥራችን ያለውን ግን አያውቅም



ይህ ጽሑፍ በመጀመሪያ በሬዲዮ ያስተላለፍኩት ነው። ከፕሮግራሙ በኋላ ብዙዎቻችሁ ደወላችሁ። እውነቱን ልንገራችሁና፣ ስለ ጸሎት ሳስተምር ከሚደወለው በላይ ነው የተደወለው! «ፓስተር፣ እኔም ያንን ዕቃ ገዝቼ ተናድጄ መሳቢያ ውስጥ ጥዬዋለሁ» ያላችሁኝ አላችሁ። «ቁጥሮቹ አመለጡን፣ ቀስ ብለው ይድገሙልን» ያላችሁም አላችሁ። ስለዚህ ጥቂት አስተካክለን በጽሑፍ አወጣነው። አነጋገሩ ግን ያው የሬዲዮው ነው፣ ታገሡኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የምንኖረው ሜሪላንድ ነው። የቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ ከቤታችን በመኪና ሩቅ አይደለም። ከጉባኤያችን ወንዶች መካከል ቅዳሜ ዓሣ ማጥመድ የሚወዱ አሉ፤ አንዱ ሽማግሌያችን ደግሞ 19 ጫማ የምትረዝም አሮጌ የሞተር ጀልባ አለቻቸው። እኔ ዓሣ የማጥመድ ስጦታ የለኝም። «ቢያንስ መንገድ ልምራ» ብዬ በእጅ የሚያዝ የባሕር ጂፒኤስ ገዛሁ፣ ወደ 300 ዶላር አውጥቼ። ውሃ አይገባውም፣ ቢወድቅ ይንሳፈፋል፣ ካርቶኑ ላይም በትልቁ የዓለም ካርታ እንደተጫነበት ተጽፎአል። የዓለም ካርታ! ዓለምን ያወቀ ቼሳፒክን እንዴት ያጣል? እንዲህ ብዬ ነው ያሰብኩት።

ወሩ ጥቅምት መግቢያ ነበር። አምስት ሆነን ወጣን፤ አንዱ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ነው፣ ዋና አይችልም። እናቱ «በስንት ሰዓት ትመልሱታላችሁ?» ስትለኝ «ከምሽቱ አንድ ሰዓት ላይ ቤት ነው፣ አይዞሽ፣ ካርታ አለኝ» አልኳት። ይህን ቃል ያዙልኝ። «ካርታ አለኝ» ነው ያልኩት።

ስንመለስ ጀንበር ጠልቃለች። የጀልባ መውረጃው ያለው የባሕሩ ክንድ ወደ ውስጥ ገባ ባለበት ነው። ስክሪኑን አየሁት፤ ከፊታችን ሰማያዊ ነው፣ ንጹሕ ሰማያዊ። ቀስቷ እኛን ታሳያለች፣ መድረሻችንም ምልክት ተደርጎበታል፣ መሃሉ ባዶ። «ፓስተር፣ ምን ይላል?» አሉኝ ሽማግሌው። «ቀጥ ብለው ይንዱ፣ ክፍት ነው» አልኩ። ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ ሞተሩ ጮኸ፣ ጀልባዋ ተንገዳገደች፣ ቆመች። ጭቃ ላይ ተቀመጥን።

ውሃው ደግሞ እየጎደለ ነበር። እየቆየን በሄድን ቁጥር ይብስብን ጀመር። ጎታች ጀልባ ጠራን፤ መጣና ከሩቅ መብራቱን አበራልን፤ ግን እሱም ቢጠጋ ይቀመጣል፤ ውሃው እስኪሞላ ጠብቁ ተባልን። ከአሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል እስከ ሌሊቱ ስድስት ሰዓት ተኩል እዚያው ነበርን። ብርድ ነው። ልጁ የተንሳፋፊ ጃኬቱን እንደለበሰ የሽማግሌውን ካፖርት ደርቦ ተኛ። እናቱ ጋ ደወልኩ። ምን እንዳለችኝ ታውቃላችሁ? «ፓስተር፣ ካርታ አለኝ አላሉኝም እንዴ?»

መልስ አልነበረኝም። በኋላ ግን መልሱን ፈለግሁ፣ አነበብኩ፣ ከሚያውቁ ሰዎች ጠየቅሁ። የዛሬው ትምህርት እሱ ነው።

ልብ በሉ፤ በዚያች ትንሽ ዕቃ ውስጥ ሁለት ነገሮች አሉ፤ እኛ ግን እንደ አንድ እናያቸዋለን። የመጀመሪያው የት እንዳለን የሚነግረን ነው። ይህ ከሰማይ ይመጣል፤ ወደ 20,200 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ከሚዞሩ ሳተላይቶች። መሣሪያው የአራት ወይም ከዚያ የሚበልጡ ሳተላይቶችን ምልክት ይሰማል፣ ምልክቱ ለመድረስ የፈጀበትን ጊዜ ያሰላል፣ ከዚያ ቦታችንን ያወጣል። ድሮ ለሲቪሉ ሕዝብ ሆን ተብሎ ይዛባ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በግንቦት 2000 የአሜሪካ መንግሥት ያንን ማዛባት አቆመ። ከዚያ ወዲህ ተራ ዕቃ ሰማዩ ክፍት ሆኖለት ጥቂት ሜትር ብቻ ነው የሚሳሳተው። በዚህ በኩል አይታማም። በዚያች ሌሊት ጭቃው ላይ ሆነን እንኳ የት እንዳለን በትክክል ነግሮናል። «እዚህ ናችሁ» ይላል። እኛም እዚያው ነን!

ሁለተኛው ነገር ካርታው ነው። ይህ ከሰማይ አይመጣም። ሰው ነው የሚሠራው፣ ፋብሪካ ነው የሚጭነው። ቀስቷ በጥሩ ካርታ ላይም፣ በመጥፎ ካርታ ላይም፣ ምንም ባልተሳለበት ባዶ ስክሪን ላይም እኩል በራስ መተማመን ትቀመጣለች። ችግሩ እዚህ ላይ ነው ያለው። የሳተላይቱ እርግጠኝነት ለካርታው ያለ አግባቡ ይሰጠዋል። ቀስቷ ትክክል ስለሆነች ሥዕሉም ትክክል ይመስለናል።

ታዲያ ከፋብሪካ ተጭኖ የሚመጣው ካርታ ለምን እንዲህ ባዶ ሆነ?

አገር ቤት የተማራችሁ፣ ክፍል ውስጥ ግድግዳ ላይ ተሰቅላ የነበረችውን የኢትዮጵያ ካርታ አስታውሱ። ጣና እንደ አንዲት ባቄላ ታክላለች። ዓባይ ቀጭን ሰማያዊ ክር ነው። ካርታዋ ዋሽታለች? አልዋሸችም። ግን በእሷ ተመርታችሁ የአክስታችሁን አጥር በር ታገኛላችሁ? አታገኙም። የተሠራችው ለዚያ አይደለም።

በቁጥር እንየው። አንድ ካርታ ከሚሊዮን አንድ በሆነ መጠን ከተሳለ፣ ካርታው ላይ 1 ሚሊ ሜትር ማለት መሬት ላይ 1 ኪሎ ሜትር ነው። የባሕሩ ዳርቻ የተሳለበት መስመር ግማሽ ሚሊ ሜትር ቢወፍር፣ መስመሩ ብቻ 500 ሜትር ይሸፍናል። የእኛ ጀልባ መውረጃ፣ መግቢያው፣ የጭቃው ደለል፣ ሁሉም እዚያ መስመር ውስጥ ተውጠዋል። ለወደብ የሚሠራ ካርታ ግን ከ20,000 አንድ ቢሆን፣ 1 ሚሊ ሜትሩ 20 ሜትር ነው። እዚያ ላይ ጭቃው ይታያል፣ ምሰሶው ይታያል፣ ጥልቀቱ በቁጥር ይጻፋል።

ለመላው ዓለም የሚሆን አንድ ካርታ በትንሽ ዕቃ ውስጥ ለማስገባት አምራቾቹ ጨምቀው ጨምቀው ነው የሚያስገቡት። የቀድሞዎቹ መሣሪያዎች የማስታወሻ አቅማቸው በጣት በሚቆጠር ሜጋባይት ነበር። ዛሬ ቦታው አለ፤ ዝርዝሩ የባሕር ካርታ ግን ለብቻው የሚሸጥ ዕቃ ነው፤ በትንሽ ካርድ ላይ ወይም በክፍያ በሚወርድ ፋይል። ብዙ ጊዜ ከ100 ዶላር በላይ ነው፣ ያውም ለአንድ አካባቢ። እኔ በዚህ አሁንም ደስ አይለኝም፣ አልደብቃችሁም። «የባሕር ጂፒኤስ» ብሎ ሸጦ የባሕሩን ጥልቀት ለብቻ መሸጥ፣ ጫማ ሸጦ ሶሉን ለብቻ እንደ መሸጥ ነው የሚመስለኝ። ሆኖም ፍትሕ ላጓድል አልፈልግም፤ መመሪያው ላይ በጥቃቅን ፊደል የተጫነው ካርታ ለጠቅላላ እይታ እንጂ ለመንገድ መምሪያ እንዳልሆነ ተጽፎ ነበር። አላነበብኩትም። እናንተስ አንብባችኋል?

አንዳንዶቻችሁ «አጉልቶ ማየት ነዋ!» ትሉ ይሆናል። እኔም ያደረግሁት ይህንኑ ነው፤ ስንቀርብ የማጉያውን ቁልፍ ደጋግሜ ተጫንኩ። ግን አስቡት፤ የመታወቂያ ፎቶ ወስዳችሁ እንደ በር ብታሳድጉት ፊቱ ይተልቃል እንጂ ያልነበረ ጠባሳ አይወጣበትም። ያው መስመር ነው፣ ያው ሰማያዊ ነው፣ ስፋቱ ብቻ ጨመረ። አንዳንድ መሣሪያዎች በዚህ ጊዜ ስክሪኑ ጥግ ላይ «ኦቨርዙም» የሚል ቃል ያወጣሉ። ምን ማለት ነው? «ከዚህ በኋላ የምነግርህ አዲስ ነገር የለኝም» ማለት ነው። ይህን ቃል ስታዩ ጀልባውን ቀዝቀዝ አድርጉ።

የተገላቢጦሹም አለ፤ ዝርዝሩ ካርታ ተገዝቶ፣ ሳያጎሉ መቅረት። ይህ በታላላቆቹም ላይ ደርሶአል። እ.ኤ.አ. ኅዳር 29 ቀን 2014 በዓለም ዙሪያ የመርከብ ውድድር ላይ የነበረች ቬስታስ ዊንድ የምትባል ጀልባ ከኬፕ ታውን ወደ አቡ ዳቢ ስትጓዝ፣ ከሞሪሽየስ ሰሜን ምሥራቅ በሌሊት ከኮራል ዓለት ጋር ተጋጨች። ዓለቱ ካርጋዶስ ካራጆስ ይባላል። ጀልባዋ ዘመናዊ ናት፣ መርከበኞቹ በዓለም ከታወቁት መካከል ናቸው፣ ኤሌክትሮኒክ ካርታ ነበራቸው። ነገር ግን በሩቁ እይታ ላይ አደጋው በግልጽ አይታይም ነበር፤ አጉልተው አላዩትም። ዘጠኙም በሕይወት ተርፈዋል፣ ጀልባዋ ግን ክፉኛ ተሰባብራ ነበር።

ከዚያ በፊት ባለው ዓመት ደግሞ፣ ጥር 17 ቀን 2013፣ የአሜሪካ ባሕር ኃይል ጋርዲያን የምትባል መርከብ በፊሊፒንስ ቱባታሃ በሚባል ጥብቅ የኮራል ዓለት ላይ ወጣች። እዚያ የተጠቀሙበት ዲጂታል ካርታ ዓለቱን ከእውነተኛ ቦታው ወደ 8 የባሕር ማይል ገደማ አርቆ ነበር ያስቀመጠው። የባሕር ኃይል ካርታ! መርከቧ መጎተት ስላልቻለች እዚያው ተቆራርጣ ነው የወጣችው። ምርመራው ግን በካርታው ብቻ አላበቃም። ሌላ ካርታ ነበር፣ የሚታይ መብራት ነበር፤ ሊያመሳክሩ ይችሉ ነበር፣ አላመሳከሩም። አዛዡና ሌሎች መኮንኖች ከኃላፊነታቸው ተነሡ።

ይህን ስሰማ፣ እውነት እላችኋለሁ፣ የራሴ ጭቃ ትንሽ ቀለለኝ።

አሁን ወደ ቼሳፒክ እንመለስ፤ ይህ ውሃ ለምን በተለይ እንደሚያሳስት ማወቅ አለባችሁ። ስፋቱን አይታችሁ ጥልቅ ይመስላችኋል። አማካይ ጥልቀቱ ግን ወደ 21 ጫማ ብቻ ነው፤ 6 ሜትር ተኩል አይሞላም። ስድስት ጫማ የሚረዝም ሰው ከ700,000 ኤከር በላይ የሚሆነውን ሳይሰጥም ሊራመድበት ይችላል ይባላል። 700,000 ኤከር ስንት ነው? የጣናን ሐይቅ ሊያህል ጥቂት ነው የቀረው። ጣናን የሚያህል ውሃ፣ ሰው በእግሩ የሚሄድበት! እኔ በስክሪን ላይ ያየሁት ሰማያዊ ይህን ሁሉ በአንድ ቀለም ቀብቶት ነበር።

ዳርቻውም አይረጋም። ሆላንድ አይላንድ የምትባል ደሴት ላይ በአንድ ወቅት መንደር ነበረ፤ ውሃው እየበላት ሄዶ የመጨረሻው ቤት እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2010 ወደቀ። ፖፕላር አይላንድ ደግሞ 5 ኤከር ያህል ብቻ ቀርታ ነበር፤ ከ1998 ጀምሮ ከባልቲሞር የመርከብ መንገድ በሚወጣ ደለል እየሞሉ ከ1,000 ኤከር በላይ አደረሷት። እንግዲህ የቆየ ካርታ የተጫነበት መሣሪያ የሌለ መሬት ያሳያችኋል፣ ያለውን ይደብቃችኋል።

በመጨረሻም ውሃው ራሱ። በአሜሪካ የባሕር ካርታ ላይ የሚጻፈው ጥልቀት በየቀኑ ከሚመጣው ዝቅተኛ ውሃ አማካይ ተነሥቶ ነው። ስለዚህ ብዙውን ጊዜ ከተጻፈው የበለጠ ውሃ አለ። ብዙውን ጊዜ አልኩ እንጂ ሁልጊዜ አላልኩም። በመጸውና በክረምት ብርቱ የሰሜን ምዕራብ ነፋስ ሲነፍስ ውሃውን ከባሕረ ሰላጤው ገፍቶ ያወጣዋል፤ ያን ጊዜ ከተጻፈውም በታች ይወርዳል። እኛ በወጣንበት ቀን ከሌሊቱ ጀምሮ ሲነፍስ የዋለው ያው ነፋስ ነበር። ጥሩ ካርታ ቢኖረን እንኳ ይህን ካላወቅን ልንቀመጥ እንችል ነበር ማለት ነው።

እዚህ ጋ ጥቂት ቆም እንበል። የሐዋርያት ሥራ 27ን የምታውቁት ነው። 276 ሰው በመርከቡ ላይ አለ። ጳውሎስ ማንም እንደማይጠፋ ተስፋ ተቀብሎአል፣ ለሁሉም ነግሮአቸዋል። ሌሊቱ እኩል ሲሆን መርከበኞቹ ምድር የቀረበ መሰላቸው፣ ካርታ አልነበራቸውም። ምን አደረጉ? ገመድ ጣሉ። መጀመሪያ ሲለኩ ወደ 37 ሜትር፣ ጥቂት ሄደው ደግመው ሲለኩ ወደ 27 ሜትር። ጥልቀቱ እየቀነሰ ነው። ወዲያው ከኋላ አራት መልሕቅ ጥለው ሌሊቱ እስኪነጋ ጠበቁ። ተስፋው አለና ገመዱ አያስፈልግም ያለ አልነበረም፤ ጳውሎስም «ለምን ትለካላችሁ?» አላላቸውም። እኔ ይህን ምዕራፍ ብዙ ጊዜ ሰብኬዋለሁ፤ ስለ ገመዱ ግን አንድም ቀን አልተናገርኩም ነበር። ደግሞ የሚገርማችሁ፣ ዛሬ በኤሌክትሮኒክ ካርታ ላይ ከምናያቸው የጥልቀት ቁጥሮች መካከል ከ1940 በፊት በዚያው ዓይነት፣ በገመድና በእርሳስ ክብደት የተለኩ አሉ። ስክሪኑ አዲስ ነው፣ ልኬቱ የአያቶቻቸው ነው።

እሺ፣ ምን እናድርግ? ብዙዎቻችሁ የጠየቃችሁኝ ይህን ነው።

ገና ያልገዛችሁ፣ ሻጩን «ካርታ አለው ወይ?» ብላችሁ አትጠይቁ። አለው ይላችኋል፣ አልዋሸም። «እኔ በምሄድበት ውሃ ላይ የጥልቀት ቁጥርና የጥልቀት መስመር ያሳያል ወይ?» በሉት። ከተቻለ እዚያው ሱቁ ውስጥ ክፈቱትና ወደምታውቁት ቦታ ውሰዱት፤ የምትነሡበት መውረጃ፣ የምታውቁት ድልድይ ይታያል? ምሰሶዎቹና ተንሳፋፊ ምልክቶቹ ከነቁጥራቸው አሉ? ከሌሉ፣ የካርዱን ዋጋ ከዕቃው ዋጋ ጋር ደምራችሁ አስቡት። ካርዱም የትኛውን አካባቢ እንደሚሸፍንና በስንተኛው ዓመት እንደወጣ ተመልከቱ። ተጨማሪ ካርታ ጨርሶ የማይቀበሉ ርካሽ ዕቃዎችም አሉ፤ እነሱን ለባሕር አትግዙ።

የገዛችሁና የተናደዳችሁ፣ ዕቃውን አትጣሉት። ግማሹ ሥራው ፍጹም ጤነኛ ነው ብያችኋለሁ። የአሜሪካ ብሔራዊ የውቅያኖስና የከባቢ አየር አስተዳደር፣ ኖኣ በሚባለው አጠራሩ፣ የአገሪቱን የባሕር ካርታ በነጻ ነው የሚሰጠው። የድሮውን የታተመ ካርታ ማቆም የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2019 ባስታወቀው መሠረት ነው፣ በ2025 መጀመሪያ ላይም ጨርሶአል፤ አሁን ግን ማንም የሚፈልገውን አካባቢና መጠን መርጦ ከኤሌክትሮኒኩ ካርታ አዘጋጅቶ ማተም ይችላል። እኔ የእኛን አካባቢ አሳትሜ በፕላስቲክ አስለብጬዋለሁ። ከዕቃው ላይ ኬክሮሱንና ኬንትሮሱን አንብቡ፣ ወረቀቱ ላይ ጣታችሁን አኑሩ። ለዚህ ግን መሣሪያው ደብሊው ጂ ኤስ 84 በሚባለው መነሻ ላይ መደረጉን ቅንብሩ ውስጥ አረጋግጡ፤ የተለየ ከሆነ ቦታችሁ ሊዛባ ይችላል። መለኪያውንም እዩ። «3» የሚል ቁጥር 3 ጫማ ነው፣ 3 ሜትር ነው ወይስ 3 ፋቶም? 3 ፋቶም 18 ጫማ ነው። በዚህ የተነሣ ስንት ሰው ተሳስቶአል!

«ወደዚህ ሂድ» የሚለውን ቁልፍ ስትጫኑ ዕቃው ቀጥ ያለ መስመር ነው የሚያሰምረው። እንደ መኪናው ጂፒኤስ በመንገድ አይዞርም። መስመሩ በጭቃ ላይ፣ በደሴት ላይ፣ በቤት ላይ ያልፋል፣ ግድ የለውም። የኔ ጥፋት ይህም ነበረበት። ይልቅስ በቀን ብርሃን፣ ቀስ ብላችሁ፣ በተንሳፋፊ ምልክቶቹ መካከል ግቡና መንገዳችሁን እንዲመዘግብ አድርጉት፤ ማታ በዚያው ምዝገባ ላይ ተመለሱ። ይህ የራሳችሁ ካርታ ነው፣ ከፋብሪካው ይሻላል። አንድ ጥንቃቄ ብቻ፤ ውሃው ሲሞላ የሄዳችሁበት መንገድ ሲጎድል ላይሆን ይችላል፤ በየትኛው ሰዓት እንደመዘገባችሁ ጻፉ። ምልክቶቹን በተመለከተ፣ በአሜሪካ ከባሕር ወደ ወደብ ስትገቡ ቀዩ በቀኛችሁ ይሁን። በአውሮፓና በባሕረ ሰላጤው አገሮች ያላችሁ አድማጮቻችን ግን የእናንተ ተቃራኒው ነው፤ ስትገቡ ቀዩ በግራ።

አንድ ወንድም ደግሞ ባሕር ዳር ላለው ታናሽ ወንድሙ ይህንኑ ዕቃ ልላክለት ወይ ብሎ ጠይቆኛል። ተጭኖ በሚመጣው የዓለም ካርታ ላይ ከጣና ብዙ አትጠብቅ፤ ቢኖር የዳርቻው ቅርጽ ነው። እሱም ቢሆን የሐይቁ ውሃ በክረምትና በበጋ ከፍና ዝቅ ይላል፣ ዳርቻው ይሸሻል ይመለሳል። መንገድ መመዝገቡ ግን እዚያም ይሠራል፣ ሳተላይቱ አገር አይመርጥም። ለዚያ ከሆነ ላክለት። ከላክህ ግን ይህንን ነገር አብረህ ንገረው።

ያን ሌሊት ከእኛ ጋር ከነበሩት አንዱ ከሊቢያ ተነሥቶ በጎማ ጀልባ ሜዲትራኒያንን የተሻገረ ወንድም ነው። በጨለማ ውሃ ላይ መቀመጥ ለእሱ ምን እንደሆነ አላሰብኩበትም ነበር። ለሰዓታት ዝም ብሎ ቆየና «ፓስተር፣ ያኔም እንዲህ ያለ ዕቃ ሰጥተውን ነበር» አለኝ። «ለማን?» አልኩት። «ከእኛው ለአንዱ። ነጂ አልነበረንም። ቀስቷን ተከተሉ፣ ጣሊያን ትደርሳላችሁ አሉን። ቀስቷ ጣሊያንን ታውቃለች። ባሕሩን አታውቅም።» ከዚያ በኋላ አልተናገረም። እኔም ስክሪኑን አጠፋሁት፣ ባትሪም ለመቆጠብ፣ እሱም እንዳያየው።

ልጁን ቤቱ ያደረስነው ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት አልፎ ነው። እናቱ በር ላይ ቆማ ነበር። ይቅርታ ጠየቅኋት። «እርስዎን አምኜ ነው እንጂ ካርታውንማ የት አውቀዋለሁ» አለችኝ። እሑድ በጉባኤ ፊትም ይቅርታ ጠይቄአለሁ፣ ምክንያቱም ሌሎች እናቶችም ልጆቻቸውን በእኔ ቃል ይልካሉ።

በሚያዝያ ወር ተመልሰን ሄድን፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ውሃው እየሞላ ሳለ። የካርዱን ገንዘብ ወንዶቹ አዋጥተው ገዝተውታል። ያ ንጹሕ ሰማያዊ የነበረው ስፍራ በአዲሱ ካርታ ላይ ሌላ ነው፤ በመስመር ተከብቦ መሃሉ ላይ «1» ተጽፎበታል። አንድ ጫማ። መግቢያው በስተ ሰሜን በኩል፣ በሁለት ምሰሶዎች መካከል ነበር፤ ከተቀመጥንበት መቶ ሜትር አይርቅም። ሽማግሌው ሞተሩን ቀዝቀዝ አደረጉት። እኔ ወረቀቱን ይዣለሁ። ልጁ ከፊት ተቀምጦ በየጫማው ቀለም የተቀባ ረጅም ዘንግ ውሃው ውስጥ ይሰዳል፤ እናቱ በዚህ ቅድመ ሁኔታ ነው የላከችው። «አምስት!» ይላል። ሽማግሌው «አምስት» ብለው ይደግማሉ። «አምስት! አራት ተኩል! ጋሼ፣ አራት ተኩል ነው!» ካርታው እዚያ ጋ ስድስት ይላል። ሽማግሌው የሰሙት የልጁን ነው፣ መሪውን ጥቂት ወደ ቀኝ መለሱት።